ሐዋሳን በስልክ ማንሳት፦ ከአሞራ ገደል ጠዋት እስከ ፍቅር ሐይቅ ማታ

«ስልክህ ምንድን ነው?»

ፎቶዎቼን ካዩ ሰዎች ይህን ጥያቄ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምሰማ መቁጠር ትቻለሁ። ስልኬ ጥጉ የተሰነጠቀ የቆየ ሳምሰንግ ነው። ጠያቂው ይህን ሲሰማ ቅር ይለዋል። ቀጥሎ የራሱን ፎቶ ያሳየኛል። ብዙ ጊዜ የእሱ ስልክ ከእኔ ይሻላል። የቆመውም እኔ የቆምኩበት ቦታ ላይ ነው። ሰዓቱ ብቻ ሌላ ነው። ሐይቁ ነጭ ሆኗል፣ ከፊቱ የቆመችው እህቱ ደግሞ ከሰል መስላለች።

ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ለጠየቀኝ ሁሉ ይህንኑ ልላክ። ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፦ የሐዋሳ ሐይቅ ከከተማው በስተ ምዕራብ ነው። ጠዋት ዳር ቆማችሁ ውሃውን ስታዩ ፀሐይ ከጀርባችሁ ናት። ማታ ደግሞ ፊት ለፊታችሁ ትመጣለች። ከዚህ በታች የምለው አብዛኛው ነገር ከዚህ የሚነሳ ነው።

ሰዓቱን ሁሉ የጻፍኩት በእኛ አቆጣጠር ነው። ስልካችሁ ላይ ያለው የአየር ሁኔታ መተግበሪያ ፀሐይ 6:20 ትወጣለች ካለ፣ 12:20 ማለት ነው። ይህን አምታቶ እኩለ ቀን ላይ የመጣ ሰው አውቃለሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ስልክ፤ ቻርጁ የሞላ፣ ቢያንስ ጥቂት ጊጋባይት ባዶ ቦታ ያለው
- የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ፤ ከሌለ ንጹሕና ያረጀ የጥጥ ቲሸርት ቁራጭ
- የስልክ ማንጠልጠያ ገመድ፤ ጀልባ ላይ ለምትወጡ የግድ ነው
- ዚፕ ያለው ፕላስቲክ ከረጢት፤ ለዝናብና ለውሃ ፍንጣቂ
- ፓወር ባንክ፤ ቀኑን ሙሉ ለምትውሉ
- ፖላራይዝድ የሆነ የፀሐይ መነጽር ካላችሁ (ለምን እንደሚጠቅም ደረጃ 7 ላይ ታዩታላችሁ)
- ዝርዝር ብር፤ ለመግቢያ፣ ለሻይ፣ ለባጃጅ

ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ አልጻፍኩም። የሐይቁ ዳር ግንብና የዛፍ ግንድ ይበቃል።

ደረጃ 1፦ ሌንሱን ጥረጉ

ቀልድ አይደለም። አንድ ቀን አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ በዳጣ በልቼ፣ እጄን በሶፍት ጠረግ አድርጌ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቁ ዳር መዝናኛ ሄድኩ። ምሽቱ ልዩ ነበር። ሰማዩ ብርቱካናማ፣ ውሃው ዘይት የመሰለ። ከመቶ በላይ ፎቶ አነሳሁ። ቤት ገብቼ ሳየው ሁሉም ጉም የለበሰ ነው። መብራቱ በሙሉ ጢም አውጥቷል። ለካስ ውሃው ሳይሆን ሌንሴ ነበር ዘይት የሆነው። የጣቴ አሻራ ልክ መሀሉ ላይ አርፎ ነበር።

ስብ ብርሃኑን ይበትነዋል። ቀን ላይ ብዙም አይታወቅም። ፀሐይ ወይም መብራት ፊት ለፊት ሲመጣ ግን ሙሉ ፎቶውን ያነጣዋል። በእስትንፋሳችሁ እፍ ብላችሁ አርጥቡትና ከመሀል ወደ ዳር በክብ ጥረጉ። አሸዋ ካለበት መጀመሪያ እፍ ብላችሁ አራግፉት፣ አለበለዚያ ትቧጭሩታላችሁ። በየግማሽ ሰዓቱ ድገሙት።

ደረጃ 2፦ ካሜራውን አንዴ አስተካክሉት

ይህን ቤት ሆናችሁ ጨርሱ።

ሴቲንግ ገብታችሁ ግሪዱን አብሩ። ዘጠኝ ሳጥን የሚሠሩት ቀጫጭን መስመሮች ናቸው። ሐይቅ ሲነሳ ውሃው በትንሹ እንኳ ካዘነበለ ሊፈስ ያለ ይመስላል። መስመሩ ያንን ያሳያችኋል።

ፊት የሚያስውበውን፣ «ቢዩቲ» የሚባለውን አጥፉት። ብዙ ስልክ ላይ ሳትነኩት በርቶ ነው የሚመጣው። የሰዉን ቆዳ ያነጣል፣ መስመሩን ያጠፋል። ፀሐይ ላይ ሲሠራ የኖረን የዓሣ አጥማጅ ፊት እንደ ፕላስቲክ ማድረግ ለምን ይጠቅማል?

ፍላሹንም አጥፉ። ከሁለት ሦስት ሜትር አልፎ አይደርስም። ሐይቁን ሊያበራላችሁ አይችልም።

በሁለት ጣት ዘርግቶ ማቅረብንም ተዉት። ስልካችሁ 2 ወይም 3 የሚል የራሱ ሌንስ ካለው እሱን ተጠቀሙ። ከዚያ አልፎ ስትዘረጉ ስልኩ የሚያደርገው ፎቶውን ቆርጦ መለጠጥ ነው። ያንን ቤት ሆናችሁም መቁረጥ ትችላላችሁ። በእግራችሁ ቅረቡ።

ደረጃ 3፦ ሰዓቱን ምረጡ

ሐዋሳ ከምድር ወገብ ብዙ አትርቅም። ስለዚህ ፀሐይ የምትወጣበት ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ብዙ አይለዋወጥም፤ ከ12:05 እስከ 12:45 ባለው ውስጥ ነው። ማታም ከ12:05 እስከ 12:50 ባለው ውስጥ ትጠልቃለች። ግን እዚህ አገር ፀሐይ ቀጥ ብላ ወጥታ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። ለስላሳው ብርሃን ቶሎ ያልቃል። ጠዋት ከወጣች በኋላ ያለው አንድ ሰዓት፣ ማታ ከመጥለቋ በፊት ያለው አንድ ሰዓት፣ በቃ። አርፍዳችሁ ከመጣችሁ አመለጣችሁ ማለት ነው።

ጠዋት የምመርጥበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ነፋሱ ገና አልተነሳም። ውሃው እንደ መስታወት ይተኛል፤ ጀልባና ነጸብራቁ አብረው ይመጣሉ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ነጸብራቅ የሚባል ነገር የለም።

እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ትሆናለች። በመጋቢትና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢማ ልክ በአናታችሁ ትክክል ናት። ያን ጊዜ ዓይን ጉድጓድ ይሆናል፣ የአፍንጫ ጥላ ከንፈር ላይ ይወድቃል።

ወቅቱንም አስቡበት። በበጋ አቧራና ጭጋግ ስለሚኖር ከሐይቁ ማዶ ያሉት ኮረብታዎች ይደበዝዛሉ። ዝናብ ካባራ በኋላ ያለው ጠዋት ግን አየሩ ታጥቦ ማዶው ቅርብ ይመስላል። የክረምት ደመና አያስፈራችሁ፤ ባዶ ሰማይ ነው አሰልቺው።

ደረጃ 4፦ ብርሃኑን በጣታችሁ ያዙ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ።

ስልኩ ስለ ሐዋሳ የሚያውቀው ነገር የለም። የሚያየው የብርሃን መጠን ብቻ ነው። ነጭ የሚያብረቀርቅ ውሃ ሲያይ «በዛ» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል። ፊት ለፊት የቆመው ሰው አብሮ ይጠቁራል። ማን እንደሚበልጥ የምትነግሩት እናንተ ናችሁ።

ሀ. በዋናነት ማሳየት የምትፈልጉትን ነገር ስክሪኑ ላይ ንኩት። ሰው ከሆነ ፊቱን፣ ሰማይ ከሆነ ሰማዩን።

ለ. ጣታችሁን ሳታነሱ ሁለት ሰከንድ ያህል ያዙት። አብዛኛው ስልክ ብርሃኑንና ፎከሱን በዚያው ይቆልፈዋል። ካልተቆለፈ ትንሽ ስትንቀሳቀሱ ራሱን ይቀይራል።

ሐ. አጠገቡ ትንሽ የፀሐይ ወይም የአምፖል ምልክት ያለበት መስመር ይመጣል። ወደ ላይ ወይም ወደ ታች አንሸራትቱት። አንዳንድ ስልክ ላይ ወደ ጎን ነው።

መቼ ወደየት? ውሃ፣ ነጭ ልብስና ሰማይ ከበዛ ትንሽ ቀንሱ። አንዴ ፈጽሞ የነጣ ቦታ በኋላ ተስተካክሎ አይመለስም፤ የጨለመው ግን በመጠኑ ይመለሳል። ፊት ከሆነ ደግሞ ለፊቱ ብላችሁ ጨምሩ፣ ከኋላ ያለው ውሃ ይንጣ። ሰው የሚያየው ዓይንን ነው።

ደረጃ 5፦ ጠዋት አሞራ ገደል፣ መጀመሪያ ሰላምታ

ቢበዛ 12:45 ላይ ድረሱ። ጀልባዎቹ ከሌሊቱ ሥራ የሚመለሱበትና መረብ የሚፈታበት ጊዜ ነው። ፀሐይ ከጀርባችሁ ስለሆነች ሰዉም ጀልባውም ዓሣውም ብርሃን ይሞላዋል።

ስልካችሁን ኪስ ውስጥ አድርጋችሁ ግቡ። እዚያ ያሉት ሰዎች ሥራ ላይ ናቸው፤ ድንገት ፊታቸው ላይ ስልክ የሚደግን ሰው ሰልችቷቸዋል። ሻይ ጠጡ። ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ጠይቁ። በዕድሜ ገፋ ያሉ ከሆነ፦ «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ? መረቡን ሲፈቱ አንድ ሁለት ፎቶ ባነሳ ቅር ይልዎታል?» ወጣት ከሆነ «ወንድሜ፣ ሰላም ነው? ላንሳህ?» በቂ ነው። በሲዳምኛ ሰላምታ ማለት የምትችሉ ከሆነማ ግማሹ ሥራ አለቀ። እምቢ ካሉ አመስግናችሁ እለፉ። ተደብቆ ከሩቅ ማንሳት አይሆንም። ከሥነ ምግባሩም ሌላ፣ ፎቶው ራሱ የተደበቀ ሰው ፎቶ ይመስላል።

ብር የሚጠይቅ ይኖራል። እኔ ብዙ ጊዜ የምሰጠው ዓሣ በመግዛት ነው። እሱም ሸጠ፣ እኔም በላሁ።

አሁን ምን እናንሳ? ሁሉም ሰው ሙሉውን ገበያ በአንድ ፎቶ ሊያስገባ ይሞክራል። ሃምሳ ሰው፣ ሃያ ጀልባ፣ ምንም የማይታይበት። ይልቅ አንድ እጅ ምረጡ። አንድ ጠዋት አንድ አባት ቆሮሶ ከመረብ ሲያላቅቁ ቁጭ ብዬ አየሁ። ክሩ የዓሣው ጆሮ ሥር ተተብትቧል። ክሩን በጥርሳቸው ያዝ አድርገው፣ በአውራ ጣታቸው ክንፉን ወደ ኋላ አጠፍ ያደርጉና ዓሣው ሸርተት ብሎ ይወጣል። ዓሣው ከመረቡ ሲለቀቅ አንዲት የውሃ ጠብታ ትፈናጠራለች። ሁሌም በዚያችው ቅጽበት። አምስተኛው ዓሣ ላይ ጠበቅኳት፣ አገኘኋት።

ዘዴው ይኸው ነው፦ ሥራ ይደጋገማል። መጀመሪያ ሳታነሱ እዩ፣ የትኛዋ ቅጽበት እንደምታምር ለዩ፣ ቀጥሎ ስትመጣ ጠብቋት። የዓሣ ቅርፊት የሚገፍፉትን ልጆችም እንዲሁ። ቢላው ሲሄድ ቅርፊቱ ወደ ላይ ይረጫል፤ ከኋላው ጨለም ያለ ጥላ እንዲሆን ከቆማችሁ እያንዳንዱ ቅርፊት ያበራል። ከኋላው ነጭ ሰማይ ከሆነ ግን አይታይም።

ልጆችን በተመለከተ አንድ ነገር፦ አዋቂ ጠይቁ። ውሃ ውስጥ ራቁታቸውን የሚዋኙትን አታንሱ።

ደረጃ 6፦ አባ ኮዳ፣ ጦጣና ጉሬዛ

አባ ኮዳ ለጀማሪ የተላከ ወፍ ነው። አይሸሽም፣ አይቸኩልም፣ ዓሣ ሲጸዳ ሆድ ዕቃው እስኪጣል ቆሞ ይጠብቃል። ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ሊደርስ ይችላል። ቆማችሁ ካነሳችሁት ግን ትንሽ ዶሮ ይመስላል። ቁጢጥ በሉ። ስልኩን በዓይኑ ትክክል ወይም ዝቅ አድርጋችሁ ያዙ፤ ያን ጊዜ ነው ግዙፍነቱ የሚመጣው። ከኋላው ውሃው ብቻ እንዲሆን ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሂዱ። አለበለዚያ ከራሱ ላይ የመብራት ምሰሶ ይበቅልበታል።

ሆዱ ነጭ፣ ጀርባው ጥቁር ነው። ሆዱን ንኩና ብርሃኑን ትንሽ ቀንሱ።

ክንፉን ሲዘረጋ ከሁለት ሜትር በላይ ስለሚሆን ለቦታ ሰፋ አድርጋችሁ ያዙት። የሚዘረጋበትን ቅጽበት በአንድ ፎቶ ለመያዝ አትሞክሩ። ተከታታይ አንሱ፦ ስልኩን ወደ ላይ አቁማችሁ ስትይዙ፣ አይፎን ላይ ማንሻውን ወደ ግራ፣ ሳምሰንግ ላይ ወደ ታች ስባችሁ ያዙት። ሌሎች ብዙዎቹ ላይ ተጭኖ መያዝ ይበቃል። ሃያ ፎቶ ይመጣል፣ አንዱ ይሆናል፣ አሥራ ዘጠኙን ዛሬውኑ አጥፉ።

ጉሬዛ ከባድ ነው። ጥቁርና ነጭ ሆኖ ዛፍ ላይ፣ ከበስተኋላው የሚያበራ ሰማይ። ውጤቱ ጥቁር ጨርቅ ነው። ከጀርባው ሰማይ ሳይሆን ቅጠል የሚሆንበትን ማዕዘን ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ዛፉን ግማሽ ዙር መዞር ይበቃል። ከዚያ ፊቱን ነክታችሁ ብርሃን ጨምሩ።

ጦጣ ደግሞ ሌባ ነው። ሙዝም ስልክም ለእሱ አንድ ነው። ምግብ ይዛችሁ አታንሱ፣ ለፎቶ ብላችሁም አትመግቡ።

ደረጃ 7፦ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ፈልጉ

ከ4 እስከ 9 ሰዓት ባለው ሰፊ እይታ ማንሳት ትርፉ ድካም ነው። የኔ ሐሳብ፦ ብሉ፣ ቡና ጠጡ፣ እሱን አንሱ።

ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ጀበና የሚጥዱ እህቶች አሉ። ሰው ከጥላው ጠርዝ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ሲቀመጥ፣ ፊቱ ወደ ብርሃኑ ከዞረ፣ ያለ ምንም መብራት ስቱዲዮ ይሆናል። ብርሃኑ ከጎን ለስልሶ ይገባል። በቅጠል መሀል የሚንጠባጠብ ፀሐይ ፊት ላይ ካለ ግን ቦታ ቀይሩ፤ ፊቱን ዥጉርጉር ያደርገዋል።

የዓሣ ሳህን ስታነሱ ከላይ ቀጥ ብላችሁ ሳይሆን፣ ተቀምጣችሁ በምታዩበት ማዕዘን አንሱ። ጥብሱ ቁመት አለው፤ ከላይ ሲነሳ ይተኛል። ቶሎ አንሱ፣ ይቀዘቅዛል። ከበላችሁ በኋላ ደረጃ 1ን አስታውሱ።

ውሃው በጣም የሚያንጸባርቅ ከሆነ ፖላራይዝድ መነጽራችሁን ሌንሱ ፊት ያዙና ቀስ ብላችሁ አዙሩት። የሆነ ቦታ ላይ ነጩ ጨረር ይጠፋል፣ የውሃው ትክክለኛ ቀለም ይወጣል። 

ደረጃ 8፦ ከሰዓት በኋላ በጀልባ

ሁሉም ከከተማው ሐይቁን ነው የሚያነሳው። ከ10 ሰዓት በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። ፀሐይ በሐይቁ በኩል ስለሆነች ከተማውን፣ የታቦርንና የአላሙራን ኮረብታዎች ብርሃን ይመታቸዋል። ሐይቁ ላይ ሆናችሁ ወደ ምሥራቅ ብታነሱ ሐዋሳ ከእነ ኮረብታዎቿ ታበራለች።

ዋጋና ጊዜውን ከመሳፈራችሁ በፊት ጨርሱ። የሕይወት አድን ጃኬት ልበሱ። ስልኩ ማንጠልጠያ ላይ ይሁን።

ክንዳችሁን የጀልባው ጠርዝ ላይ አታስደግፉ። ሞተሩ ያንቀጠቅጠዋል፣ ፎቶው ይደበዝዛል። ክርናችሁን ከጎናችሁ አጣብቃችሁ በሰውነታችሁ ያዙት። ከሁሉ የሚሻለው ግን ባለ ጀልባውን «ወንድሜ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ሞተሩን አጥፋልኝ» ማለት ነው።

ጉማሬ ከታየ በዙም የሚመጣው ፎቶ ይበቃችኋል። ባለ ጀልባው እንዲጠጋ አትለምኑት።

ደረጃ 9፦ ከታቦር ላይ

ከተማውንና ሐይቁን አንድ ላይ ለማሳየት ከታቦር የተሻለ የለም። ጠዋት ከሆነ ፀሐይ ከኋላችሁ ሆና ጣራውንም ውሃውንም ታበራለች፤ ዝርዝር የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ማታ ከሆነ ከተማው ይጨልምና ሐይቁ ብቻ እንደ ቆርቆሮ ያበራል። ሁለቱም ያምራል፣ ግን ሁለት የተለያየ ፎቶ ነው።

ሰፊ እይታ ባዶ እንዳይሆን ከፊት ለፊት አንድ ነገር አስገቡ። ድንጋይ፣ ቅርንጫፍ፣ የተቀመጠ ጓደኛ። ያኔ ነው ርቀቱ የሚታወቀው። ብቻችሁን አትውጡ። ሳይጨልም ውረዱ።

ደረጃ 10፦ ማታ ፍቅር ሐይቅ

11:30 ላይ ቦታ ያዙ። ፀሐይ ፊት ለፊታችሁ ስለሆነች ፊት ለማሳየት አትታገሉ። ጥቁር ቅርጽ አንሱ።

ሰማዩን ንኩ፣ ያዙ፣ ቀለሙ እስኪጠግብ ድረስ ብርሃኑን ቀንሱ። ሰዉ ሙሉ በሙሉ ይጠቁራል፣ ሰማዩ ቀለሙን ያወጣል። ስህተቱ የሚመጣው ቅርጾቹ ሲነካኩ ነው። ሁለት ሰው ተቃቅፎ ከቆመ አንድ ወፍራም ነገር ይሆናል፤ በመሀላቸው ብርሃን ይግባ። ቀዛፊውም መቅዘፊያውን ከሰውነቱ ሲያርቅ ጠብቁት። ጀልባው ማዶ ካለው ጥቁር ኮረብታ ላይ ከወደቀ ይጠፋል፤ ወደ ሚያበራው ውሃ ላይ እንዲመጣ እናንተ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቁሙ።

ፀሐይዋ ከማዶ ኮረብታ ጀርባ ስትገባ ሰው ሁሉ ተነስቶ ይሄዳል። እናንተ ቆዩ። ምርጡ ቀለም ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ባሉት ከ10 እስከ 15 ደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚመጣው፣ በተለይ ደመና ካለ።

ደረጃ 11፦ ብስክሌት የሚበርበት ፎቶ

ሐዋሳ ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት አይጠፋም። ብስክሌተኛው ጥርት ብሎ ከኋላው ያለው ሁሉ እንደ ጅራፍ የተሳበበትን ፎቶ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል።

ፕሮ ሞድ (ካሜራውን በእጅ የምታስተካክሉበት ክፍል) ውስጥ ግቡ። የሹተሩን ፍጥነት (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/30 ሰከንድ አድርጉት፣ አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት) ስልኩ እስከፈቀደ ዝቅ አድርጉት። ብስክሌቱ ገና ሲመጣ ጀምራችሁ ከወገባችሁ እየዞራችሁ ተከተሉት፤ ልክ ፊት ለፊታችሁ ሲደርስ ተጫኑ፣ ከተጫናችሁ በኋላም መዞራችሁን አታቁሙ። መጀመሪያ አሥር ፎቶ ይበላሻል። ልክ ነው፣ ቀጥሉ።

ይህ ዘዴ ቀን በፀሐይ አይሠራም። የስልክ ሌንስ ቀዳዳ በአብዛኛው ስለማይጠብ 1/30 ላይ ብርሃኑ ይበዛና ሁሉም ይነጣል። ከገብርኤል ወደ ፍቅር ሐይቅ በሚወስደው መንገድ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባለው ሩብ ሰዓት ሞክሩት። የመኪና መንገድ ውስጥ አትግቡ፤ ባጃጅ ለፎቶግራፈር አይቆምም።

ማስጠንቀቂያ

- ወታደር፣ ፖሊስ፣ ኬላ፣ ጥበቃ ያለው ግቢ አታንሱ። «አጥፋው» ከተባላችሁ ሳትከራከሩ አጥፉ።
- ድሮን ያለ ፈቃድ አታስነሱ።
- ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ጸሎት ላይ ያለን ሰው ተዉት።
- የሲዳማ ዘመን መለወጫ በሆነው የፊቼ ጨምበላላ ዕለት፣ በዓሉ በሚከበርበት ጉዱማሌ ላይ ከሆናችሁ ለሽማግሌዎቹ መንገድ ልቀቁ፤ ፊታቸው ቆማችሁ ሥርዓቱን አትጋርዱ።
- ስልኩን ፀሐይ ላይ አስቀምጣችሁ ቻርጅ አታድርጉ። ይግላል፣ ካሜራውም ይዘጋል።
- ውሃ ዳር ወደ ኋላ እየሄዳችሁ አታንሱ። መጀመሪያ ዙሩና እዩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

*«ሐይቁ ነጣብኝ።»* ወይ ሰዓቱ እኩለ ቀን ነው፣ ወይ ብርሃኑን አልቆለፋችሁም። ደረጃ 4።

*«ፊቴ ሰፋ፣ እግሬ ረዘመ።»* 0.5 በሚለው ሰፊ ሌንስ በቅርብ አንስተዋችኋል። ለሰው 1 ወይም 2 ተጠቀሙ፣ ትንሽ ራቅ ብላችሁ።

*«ሰውየው ነጥብ ሆነ።»* የሐይቁን ስፋት ለማሳየት ብላችሁ ሰውን ሃምሳ ሜትር አርቃችሁ አቁማችኋል። ሰውን ወደ ስልኩ አቅርቡት፣ ሐይቁ የትም አይሄድም።

*«ሁሉም ፎቶዬ አንድ ዓይነት ነው።»* ሁሉንም ቆማችሁ፣ በዓይናችሁ ቁመት ነው ያነሳችኋቸው። አንዱን ቁጢጥ ብላችሁ፣ አንዱን ግንብ ላይ ወጥታችሁ ሞክሩ። ውሃና ሰማይንም እኩል ለእኩል አትክፈሉ፤ ከሁለቱ ለሚያምረው ሁለት ሦስተኛውን ስጡት።

ደረጃ 12፦ ቤት ስትገቡ

በዚያው ማታ ምረጡ። ነገ የሚባል የለም፣ ጋለሪው ይሞላል። ስናፕሲድ የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ መተግበሪያ በነጻ ይገኛል፤ መጀመሪያ ያዘነበለውን አቅኑ፣ ቀጥሎ ጥላውን ትንሽ ክፈቱ፣ ከዚያ አቁሙ። ቀለሙን እስከ ጫፍ የገፋ ሰው ሰማያዊ ቀለም የተደፋበት ሐይቅ ያገኛል። የእኛ ሐይቅ ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ ይተውለት።

በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ። እንደ ፎቶ ሲላክ ስለሚጨመቅ ጥራቱ ይወርዳል።

ለዓሣ አጥማጁ «አመጣልዎታለሁ» ካላችሁ ደግሞ ፎቶ ቤት ወስዳችሁ አሳትሙት። ከመስጠታችሁ በፊት ብርሃኑን ትንሽ ጨምሩ። ስክሪን ከኋላው ስለሚበራ ነው ደማቅ የሚመስለው፤ ወረቀት ላይ ጨለም ብሎ ይወጣል።